ጧሪ ልጅ ሊያውቀው የሚገባ ፊዚክስ

መግቢያ

በአገራችን «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ምርቃት የልጅን ግዴታ በሁለት ቃል ጠቅልሎ ይገልጸዋል። ከሁለቱ ቃላት መካከል ሁለተኛው የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ግን ዓመታትን የሚወስድ ነው። አብዛኞቹ አረጋውያን በስተርጅና የሚጦሩት በልዩ ተቋም ሳይሆን በቤታቸው፣ በልጆቻቸውና በልጅ ልጆቻቸው እጅ ነው። የዚህ መጽሔት አንባቢዎች የሆናችሁ ብዙ ተማሪዎችም ከትምህርት ቤት መልስ የአያታችሁን መድኃኒት በሰዓቱ ታቀብላላችሁ፣ ከአልጋ ታነሣላችሁ፣ እጃቸውን ይዛችሁ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ ታደርሳላችሁ።

መጦር ፍቅርንና ትዕግሥትን እንደሚጠይቅ ሁሉም ያውቃል። ትክክለኛ መለኪያንና ትክክለኛ አያያዝንም እንደሚጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ አናስብም። በዚህ ጽሑፍ በክፍል ውስጥ የምንማራቸው ጥቂት የፊዚክስ ሕጎች በአረጋዊ ሰው አልጋ አጠገብ እንዴት እንደሚሠሩ ለመመልከት እንሞክራለን። ጸሐፊው የፊዚክስ መምህር እንጂ ሐኪም ስላልሆነ፣ ከዚህ በታች የቀረበው ሐሳብ የሐኪምን ምክር የሚያግዝ እንጂ የሚተካ አይደለም።

ከአንድ ስሕተት የተገኘ ትምህርት

እናቴ 78 ዓመቷ ሳለ ውጭ አገር የምትኖረው እኅቴ በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር የደም ግፊት መለኪያ ላከችልን። ልክ እንደ ሰዓት የሚታሰር፣ ቁልፉን ሲጫኑት ራሱ የሚለካ መሣሪያ ነው። ሁልጊዜ ማታ ማታ እናቴ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ እጇን ጭኗ ላይ ታሳርፋለች፤ እኔ እለካለሁ፤ በደብተር ላይም ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቁጥሩን እጽፋለሁ። ለሁለት ሳምንት እንዲህ አደረግሁ። አማካዩን አወጣሁ። የቁጥሮቹን የመራራቅ መጠን ሳይቀር አሰላሁ። ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው በጣም የተቀራረቡ ስለነበሩ በደብተሬ እጅግ ኮራሁ። አማካዩ 160 ገደማ ነበር።

ደብተሩን ይዘን ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሙ የሥራዬን ዓይነት ሲሰማና ደብተሩን ሲያይ በቁጥሮቹ ተማምኖ የመድኃኒቱን መጠን ከፍ አደረገ። ከዐሥር ቀን በኋላ እናቴ ማለዳ ለጸሎት ከአልጋዋ ስትነሣ ዓይኗ ጭልም አለባት፤ ከበሩ አጠገብም ወደቀች። ግንባሯ ላይ ከደረሰው ቁስልና ከክርኗ እብጠት በቀር አጥንት አልተሰበረም። ሆኖም ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት ግድግዳ ሳትይዝ አትራመድም ነበር።

በሌላ ጤና ተቋም ያገኘናት አንዲት ወጣት ነርስ ደብተሩን ካየች በኋላ፣ «ዶክተር፣ እስቲ እንዴት እንደሚለኩ ያሳዩኝ» አለችኝ። አሳየኋት። ቀጥላም ጋቢውን አጣጥፋ ከእናቴ ክርን በታች አደረገችና፣ «እማማ፣ እጅዎን ከፍ አድርገው እዚህ ያሳርፉ» ብላ አንጓዋን ከደረቷ ትይዩ አስቀምጣ ደግማ ለካች። ቁጥሩ በ16 ዝቅ ብሎ ተገኘ። ነርሷ ምንም አልተናገረችም። እኔም የምናገረው አልነበረኝም። በየዓመቱ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የማስተምረውን ሕግ በእናቴ እጅ ላይ ረስቼው ነበርና። ሐኪሞቹ እንደገና መርምረው መድኃኒቷን አስተካከሉ። የወደቀችበት ብቸኛ ምክንያት የእኔ ደብተር ነው ብዬ መማል አልችልም፤ አስተዋጽኦ የለውም ብዬ መማል ግን ፈጽሞ አልችልም።

የተረሳው ሕግ

ስቲቨን ሄልስ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስና ተመራማሪ በፈረስ የደም ቧንቧ ውስጥ ረጅም የመስታወት ቱቦ አስገብቶ ደሙ ወደ ላይ 2.5 ሜትር ያህል እንደሚወጣ ማየቱን እ.ኤ.አ. በ1733 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ገለጸ። ጣሊያናዊው ሐኪም ሪቫ ሮቺ እ.ኤ.አ. በ1896 ዓ.ም. በክንድ ላይ የሚጠመጠመውንና አየር የሚሞላውን መለኪያ አስተዋወቀ። ሩሲያዊው ኮሮትኮፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1905 ዓ.ም. በማዳመጫ የሚሰማውን ድምፅ በመከተል የላይኛውንና የታችኛውን ግፊት ለይቶ የማወቂያውን ዘዴ ገለጸ። እስከ ዛሬ ድረስ የደም ግፊት የሚነገረው በሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። ይህም ግፊቱ የሜርኩሪን ዓምድ ስንት ሚሊሜትር ከፍ ያደርጋል ማለት ነው።

የፈሳሽ ግፊት ከጥልቀት ጋር ይጨምራል። በጉድጓድ ውኃ ሥር ያለው ግፊት ከላይኛው የሚበልጠው በላዩ የተሸከመው ውኃ ስላለ ነው። በደም ቧንቧዎቻችን ውስጥም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፦

የግፊት ልዩነት = የደም እፍግታ × የስበት ፍጥነት ጭማሪ × የከፍታ ልዩነት

የደም እፍግታ በሜትር ኩብ 1,060 ኪሎ ግራም ያህል ነው። የስበት ፍጥነት ጭማሪ በሰከንድ ካሬ 9.8 ሜትር ነው። አንጓው ከልብ በ20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል፦

1,060 × 9.8 × 0.20 = 2,078 ፓስካል

አንድ ሚሊሜትር ሜርኩሪ 133.3 ፓስካል ስለሆነ፣ ይህ ልዩነት 15.6 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይሆናል። ነርሷ ያገኘችው 16 ከዚህ የመጣ ነው። መሣሪያው አልዋሸም፤ በአንጓዋ ውስጥ ያለውን ግፊት በትክክል ለክቷል። እኛ ማወቅ የፈለግነው ግን በልብ ትይዩ ያለውን ግፊት ነበር።

በላይኛው ክንድ ላይ የሚጠመጠመው መለኪያ ለልብ ቅርብ ስለሆነ ስሕተቱ ያነሰ ነው፤ ይሁንና አይጠፋም። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ክንድ በጠረጴዛ ላይ ሳይደገፍ ጭን ላይ ሲያርፍ የላይኛው ግፊት በ4 ገደማ፣ ወደ ጎን ተንጠልጥሎ ሲቀር ደግሞ በ6.5 ገደማ ከፍ ብሎ ይነበባል። የላይኛው ክንድ ሲንጠለጠል የመለኪያው መሐል ከልብ በ8 ወይም በ9 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል ብንል፣ ከላይ ያለው ስሌት የሚሰጠን ከ6 እስከ 7 የሚደርስ ቁጥር ነው። ስሌቱና ጥናቱ እንደሚቀራረቡ ልብ ይሏል።

እዚህ ላይ ለሳይንስ ተማሪ ከስሌቱም የሚበልጥ ትምህርት አለ። የመለኪያ ስሕተት ሁለት ዓይነት ነው። ዘፈቀዳዊ ስሕተት አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ስለሚያጋድል፣ ደጋግመን ለክተን አማካዩን ስንወስድ እየቀነሰ ይሄዳል። ስልታዊ ስሕተት ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ያጋድላል፤ ሺህ ጊዜ ብንለካ አይቀንስም። የእኔ ቁጥሮች የተቀራረቡ መሆናቸው ትክክለኛ ናቸው ማለት አልነበረም። እጇ በየምሽቱ ያው ጭኗ ላይ ስለሚያርፍ፣ በየምሽቱ ያንኑ ስሕተት በታማኝነት እመዘግብ ነበር።

ስለዚህ በቤት ውስጥ የደም ግፊት ስትለኩ የሚከተሉትን ጠብቁ፦

• አረጋዊው ከመለካታቸው በፊት ለ5 ደቂቃ ጸጥ ብለው ይቀመጡ፤ በሚለኩበት ጊዜም አይነጋገሩ።
• ጀርባቸው ይደገፍ፣ ሁለቱም እግሮቻቸው መሬት ይርገጡ፣ እግር በእግር ላይ አይደረብ።
• ክንዱ በጠረጴዛ ወይም በታጠፈ ጋቢ ተደግፎ መለኪያው ከልብ ትይዩ ይሁን።
• መለኪያው በልብስ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ላይ ይታሰር፤ ከክንዱ ውፍረት ጋርም ይመጣጠን። ጠባብ መለኪያ ግፊቱን አግንኖ ያሳያል።
• ቡና ከጠጡ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይለፍ።
• ከአንድ ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ ለኩ፤ ሁለቱንም ጻፉ።
• በቁጥሩ ተመርታችሁ መድኃኒት አትጨምሩ፣ አትቀንሱም፤ ደብተሩን ለሐኪም አሳዩ። እንዴት እንደለካችሁም ጭምር ንገሩ።

ከአልጋ መነሣት

ያው ሕግ ማለዳ ከአልጋ ስንነሣም ይሠራል። ሰው በጀርባው ሲተኛ ጭንቅላቱና ልቡ ወደ አንድ ከፍታ ይቀራረባሉ። ሲቆም ግን ጭንቅላቱ ከልቡ በ30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። 1,060 × 9.8 × 0.30 ብናሰላ 3,116 ፓስካል፣ ማለትም 23 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያህል እናገኛለን። ደም ወደ አንጎል የሚደርሰው ይህን ዳገት ወጥቶ ነው። በዚያ ላይ ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ደም በስበት ተስቦ ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል።

በወጣት ሰው አካል በአንገትና ከልብ በሚወጣው ትልቅ የደም ቧንቧ ላይ ያሉ ግፊት ለኪ ነርቮች ለውጡን ወዲያው ያውቁታል፤ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ የእግር ቧንቧዎችም ይጠባሉ። በእርጅና ጊዜ ይህ ምላሽ ይዘገያል። የግፊት መድኃኒት፣ የውኃ እጥረትና ረጅም ጾም ሲጨመሩበት ደግሞ ይበልጥ ይዳከማል። ሰው ከቆመ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ግፊት 20፣ ወይም የታችኛው 10 ከወረደ ሐኪሞች እንደ ሕመም ይቆጥሩታል።

መፍትሔው ቀላል ነው። አረጋዊው ከአልጋ በአንድ ጊዜ ከመነሣት ይልቅ ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ በአልጋው ጠርዝ ይቀመጡ፤ እግራቸውን ያንቀሳቅሱ፤ ቀጥሎም አንድ ነገር ይዘው ይቁሙ። መድኃኒት እየወሰዱ የሚጾሙ ከሆነ ደግሞ ጾሙ ሳይገባ ሐኪማቸውን ማማከር ይገባቸዋል። የእናቴ አልጋ አጠገብ ዛሬ አንድ የእንጨት ወንበር አለ። ስትነሣ የምትይዘው እርሱን ነው፤ በልቧ እስክትቆጥር የምትልበትንም «አቡነ ዘበሰማያት» አንድ ጊዜ ሳትጨርስ አትቆምም።

መውደቅ፦ የክብደት ማዕከልና ምርኩዝ

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ሳቢያ ሕይወታቸውን ያጣሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ አረጋውያን ናቸው። አንድ አካል ሳይወድቅ የሚቆመው ከክብደት ማዕከሉ ቁልቁል የሚወርደው መስመር እግሮቹ ከያዙት የመሬት ስፋት ሳይወጣ ሲቀር ነው። ጀርባ ሲጎብጥ የክብደት ማዕከሉ ወደ ፊት ይሄዳል፤ እርምጃ ሲያጥርና እግሮች ሲጠጋጉ ደግሞ መቆሚያው ይጠባል። ምርኩዝ የሚረዳው በሁለት ነጥብ የነበረውን መቆሚያ ወደ ሦስት ነጥብ በመለወጥ መሠረቱን ስለሚያሰፋ ነው።

ምርኩዝ የሚያዘው በየትኛው እጅ ነው? ብዙ ሰው የታመመው እግር ባለበት ጎን ይይዘዋል። ትክክሉ ግን በተቃራኒው ጎን ነው። በታመመው እግር ስንቆም የሰውነት ክብደት ዳሌን ወደ ሌላው ጎን ለማዘንበል ይሞክራል፤ የዳሌ ጡንቻዎችም ይህን ለመከላከል አጥብቀው ይጎትታሉ። እነዚህ ጡንቻዎች ከዳሌው መጋጠሚያ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚርቁ መፈንቅላቸው አጭር ነው፤ በዚህ ምክንያት ከክብደቱ የሚበልጥ ኃይል ማውጣት አለባቸው፤ ይህም ሁሉ በታመመው መጋጠሚያ ላይ ይጫናል። በተቃራኒው እጅ የተያዘ ምርኩዝ ግን ከመጋጠሚያው በጣም ስለሚርቅ ረጅም መፈንቅል አለው፤ ስለዚህ በትንሽ ግፊት ብዙ ያግዛል። የምርኩዙ ቁመት ደግሞ ክንድ ዘና ብሎ ሲወርድ ከእጅ አንጓ እጥፋት ጋር እኩል መሆን አለበት። ከጫፉ የሚገባው ጎማ ሲያልቅ ይለወጥ፤ ጎማው የሚሠራው በሰበቃ ነውና።

መውደቅ ምን ያህል ይጎዳል? 50 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው የክብደት ማዕከሉ በ0.7 ሜትር ዝቅ ቢል የሚለቀቀው ኢነርጂ 50 × 9.8 × 0.7 = 343 ጁል ነው። ይህ ሁሉ በ2 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም አማካዩ ኃይል 17,000 ኒውተን ያህል ይሆናል፤ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም ግን 3,400 ያህል ብቻ ነው። የሰው አካል እንደ ድንጋይ ደርቆ ስለማይወድቅ ቁጥሮቹ ግምት ናቸው። ዋናው ቁም ነገር ግን የሚቆምበት ርቀት ሲረዝም ጉዳቱ እንደሚቀንስ ነው። ስለዚህ አልጋውን ዝቅ ማድረግ ጥሩ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን የሚያደናቅፈውን ማስወገድ ነው፦ የተጠቀለለ ምንጣፍ፣ በመተላለፊያ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ የሚያዳልጥ የመታጠቢያ ቤት ወለል፣ ተረከዝ የሌለው ነጠላ ጫማ።

በአልጋ ላይ ያለ ግፊት

ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል ነው። ተቀምጦ የሚውል አረጋዊ 400 ኒውተን የሚሆነው ክብደቱ 200 ካሬ ሴንቲ ሜትር በሆነ ስፋት ላይ ቢያርፍ ግፊቱ 20,000 ፓስካል፣ ማለትም 150 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይሆናል። ቆዳን በሚመግቡት ጥቃቅን የደም ሥሮች መግቢያ ያለው ግፊት ደግሞ 32 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው። ከውጭ የሚጫነው ከውስጥ ካለው ሲበልጥና ለረጅም ሰዓት ሲቆይ ደም ወደ ቆዳው አይደርስም፤ ቆዳውም ይሞታል። የመኝታ ቁስል የሚባለው ይህ ነው።

ከቀመሩ ሁለት መፍትሔ እናገኛለን። አንደኛው ስፋቱን መጨመር ነው። ያው 400 ኒውተን በ1,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ቢያርፍ ግፊቱ ወደ 30 ይወርዳል፤ ወፍራም ስፖንጅ የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ጊዜውን ማሳጠር ነው። ራሱን ማገላበጥ የማይችለውን ሰው በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ማገላበጥ የተለመደ ሥርዓት ነው። አንሶላውን ስበን ከማንፏቀቅ ይልቅ አንሥተን ማዛወር ይሻላል፤ መጎተት ቆዳን ይልጣልና። በተረከዝ፣ በዳሌና በወገብ ግርጌ ሲጫኑት የማይጠፋ መቅላት ወይም መጥቆር ከታየ ሳይቆስል ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

ብርሃንና ድምፅ

በዕድሜ የዓይን ብሌን ይጠባል፤ የዓይን ሌንስም ቢጫ እየሆነ ይሄዳል። በ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ የሚገባው ብርሃን በ20 ዓመት ወጣት ዓይን ከሚገባው ሢሶ ያህሉ ብቻ ነው። እናንተ በቂ ነው ያላችሁት መብራት ለአያታችሁ ድንግዝግዝ ነው ማለት ነው። የብርሃን ጥንካሬ በርቀት ካሬ ስለሚቀንስ፣ 3 ሜትር ከፍ ብሎ ከተሰቀለ አምፖል ይልቅ በ1 ሜትር ርቀት የተቀመጠው ያው አምፖል ዘጠኝ እጥፍ ያበራል። ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ቤት ባለው መንገድ ትንንሽ መብራቶችን ዝቅ አድርጎ ማስቀመጥ፣ መብራት ሲጠፋም ባትሪ በእጅ በሚደረስበት ቦታ ማኖር ብዙ አደጋ ያስቀራል።

ለድምፅም ያው ሕግ ይሠራል። ማስተጋባት በሌለበት ቦታ ከ4 ሜትር ወደ 1 ሜትር ብንቀርብ የድምፁ ጥንካሬ 16 እጥፍ፣ ማለትም በ12 ዴሲቤል ይጨምራል። በእርጅና መጀመሪያ የሚጠፋው የከፍተኛ ድግግሞሽ ድምፅ ነው። ይህም ሰ፣ ፈ፣ ተ የመሳሰሉትን ተነባቢዎች ይመለከታል፤ አናባቢዎች ግን ዝቅ ባለ ድግግሞሽ ስለሚሰሙ ይቀራሉ። ስለዚህ «ሰው መጣ» ያላችሁትን «ተው» ብለው ቢሰሙት አትደነቁ። መጮኽ አናባቢውን ብቻ ያጎላዋል። ፊታቸው ላይ ብርሃን ሳይሆን የእናንተ ፊት ላይ ብርሃን እንዲያርፍ ሆናችሁ፣ ቀርባችሁ፣ ረጋ ብላችሁ ተናገሩ። ሬድዮውን ወይም ቴሌቪዥኑን ቀንሱ። የሰሙትን ባለመረዳታቸው «ጃጁ» የተባሉ ስንቶች ናቸው!

የጧሪው ወገብ

20 ኪሎ ግራም የሚያህል ሸክም ክንዳችንን ዘርግተን ከወገባችን በ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ብናነሣ፣ ከአከርካሪው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ የሚርቁት የጀርባ ጡንቻዎች ዐሥር እጥፍ ኃይል፣ ማለትም 1,960 ኒውተን ማውጣት ይኖርባቸዋል። ሸክሙን ወደ ደረታችን አስጠግተን ርቀቱን ወደ 25 ብናወርደው ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። አረጋዊን ስታነሡ ተጠጉ፤ ወገባችሁን ሳይሆን ጉልበታችሁን እጠፉ፤ አንድ እግር አስቀድሙ፤ እርሳቸውም አቅማቸው የፈቀደውን ያህል እንዲገፉ ጠይቁ። ከአቅም በላይ ከሆነ ሁለተኛ ሰው ጥሩ።

የመጨረሻው ነጥብ በስሌት የሚገባ አይደለም፤ ሆኖም ከመፈንቅል ሕግ ጋር ይመሳሰላል። በብዙ ቤት የመጦር ጫና የሚያርፈው በአንዲት ልጅ ላይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በሴቷ። ሌሎቹ ወንድሞችና እኅቶች ገንዘብ ይልካሉ፣ በበዓል ይመጣሉ፣ ይመርቃሉ። አንድ ነጥብ ላይ ያረፈ ጫና ግን ያንን ነጥብ ያቆስላል። እንቅልፍ ያጣች፣ ከትምህርቷ የቀረች ጧሪ መድኃኒት ብታሳስት የሚገርም አይደለም። ሌሊቱን መከፋፈል፣ በሳምንት አንድ ቀን ማሳረፍ፣ ወደ ሐኪም ቤት ተራ መግባት ጫናውን በብዙ ስፋት ላይ ማሳረፍ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ያየናቸው ሕጎች በክፍል ውስጥ የምንማራቸው ናቸው። ለፈተና እናጠናቸዋለን፤ ከፈተና በኋላም እንረሳቸዋለን። እኔ ሦስተኛ ዲግሪዬን ከያዝሁ በኋላ እንኳ አንዱን ረስቼ እናቴን አስወድቄአለሁ። ያስታወሰኝ የነርሷ የታጠፈ ጋቢ ነው። ዛሬ ማታ ወደ ቤት ስትመለሱ አንድ ነገር አድርጉ፦ የአያታችሁ ክንድ ሲለካ የት እንደሚያርፍ ተመልከቱ።

ለተማሪዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

1. የእጅ አንጓ ከልብ በ10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ቢለካ ንባቡ ከእውነተኛው በስንት ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያንሳል?
2. የአንድ ቀጭኔ ጭንቅላት ከልቡ በ2 ሜትር ከፍ ቢል፣ ደም ወደ አንጎሉ ለመድረስ ብቻ ስንት ሚሊሜትር ሜርኩሪ ግፊት ያስፈልገዋል?
3. በቤታችሁ ካለ ማንኛውም መለኪያ (ሚዛን፣ ሰዓት፣ ቴርሞሜትር) አንድ ስልታዊ ስሕተት ፈልጉ። ደጋግሞ መለካት ለምን እንደማያስወግደው አስረዱ።
4. የክፍላችሁ መብራት ከወለሉ ምን ያህል እንደሚርቅ ለኩ። ርቀቱ በግማሽ ቢቀንስ ብርሃኑ በስንት እጥፍ ይጨምራል?